ለመጽሐፍ ሽማግሌ መላክ

ጊዜው ጥቅምት ነበር። ጎንደር ፒያሳ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። አዘዞ የሚያስተምር ወጣት ወዳጄ ከታክሲ ወርዶ በሩጫ መጣና ወንበር እንኳ ሳይስብ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ በሉኝ! ኤጀንት አገኘሁ።»

ልብ ወለዱን አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር እያመጣልኝ አንብቤለታለሁ። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ መጽሐፉን «ዓለም ሊያጣው የማይገባ ድንቅ ሥራ» እያለ ሁለት አንቀጽ ያሞግሰዋል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ለምዝገባና ለገምጋሚዎች 850 ዶላር እንዲልክ ይጠይቃል፤ ያውም በ48 ሰዓት ውስጥ።

«ይሄ ኤጀንት አይደለም» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝኩለትና እስኪመሽ አወራን። ያን ቀን ያልኩትንና ከዚያ ወዲህ አብረን ያየነውን ነው እዚህ የማሰፍረው። ጎንደር ውስጥ ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ የሚጠይቀኝም ጥያቄ ያው ነው።

ሽማግሌ እንጂ ደላላ አይደለም

«ሊተራሪ ኤጀንት»፣ ደራሲን ወክሎ መጽሐፉን ለአሳታሚ የሚሸጥ ሰው፣ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ደላላ ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ደላላ ግን ከሻጭም ከገዥም ይቀበላል፤ ለእሱ ዋናው ቤቱ መሸጡ እንጂ ማን ተጎዳ ማን ተጠቀመ አይደለም። የመጽሐፍ ወኪል የሚመስለው ልጅ ለመጠየቅ የሚላክ ሽማግሌን ነው። ሽማግሌ ከአንድ ወገን ይላካል። የላከውን ቤት ያውቃል፣ የሚሄድበትን ቤት ጠባይም ያውቃል። ያገኘውን በር ሁሉ አያንኳኳም፤ ማን ልጁን ለመዳር እንዳሰበ አጣርቶ ነው የሚሄደው። «አስበንበት እንነግራችኋለን» ሲባል እሺታ ይሁን እምቢታ ከድምፁ ይለየዋል። ጥሎሽ ላይ የሚከራከረውም እሱ ነው፤ ሙሽራው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አንድ ልዩነት አለ። ሽማግሌ ለድካሙ አይከፈለውም፣ ወኪል ይከፈለዋል። በእንግሊዝና በአሜሪካ የተለመደው ድርሻ ደራሲው ከሚያገኘው ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ነው። መጽሐፉ በሌላ አገር ወይም በሌላ ቋንቋ ሲሸጥ እዚያ ያለ ሌላ ወኪል ስለሚጨመርበት ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ይደርሳል። ደራሲው ሳይከፈለው ወኪሉ አይከፈለውም። የሥራው ምሰሶ ይህ ነው፤ 850 ዶላሩን ሳይ «ይሄ ኤጀንት አይደለም» ለማለት አንድ ደቂቃ ያልፈጀብኝም ለዚህ ነው።

ለድርሻው የሚሠራው ብዙ ነው። ረቂቁን አንብቦ የላላውን እንድታጠብቅ፣ የረዘመውን እንድታሳጥር ይነግርሃል። የትኛው አሳታሚ ቤት ያለው የትኛው አርታኢ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደሚፈልግ በስም ያውቃል። ውሉን መስመር በመስመር ይከራከርበታል፤ የትርጉም፣ የድምፅ መጽሐፍና የፊልም መብት ባንዴ ተጠቅልሎ ለአሳታሚው እንዳይሄድ ይይዘዋል። ከዚያም ለዓመታት የሽያጭ ሒሳቡን ይመረምራል፣ የዘገየ ክፍያ ያሳድዳል። አርታኢህና አንተ በፍቅር እንድትሠሩ ጠቡን እሱ ይጣላልሃል።

ሥራው የተጀመረው ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ አሌግዛንደር ፖሎክ ዋት የተባለ ሰው ለደራሲዎች ወክሎ መዋዋል ጀመረ፤ ብዙዎች የመጀመሪያው የሥነ ጽሑፍ ወኪል ይሉታል። የሚወስደው 10 በመቶ ነበር። አሳታሚዎች መጀመሪያ አልወደዱትም፤ በርካሽ ይገዙት የነበረውን ነገር የሚያስወድድባቸው ሰው መጣባቸው። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ከማያውቁት ደራሲ በቀጥታ የመጣ ረቂቅ በአብዛኛው አይቀበሉም፤ የመጀመሪያውን ወንፊት ለወኪሎች ትተውታል። ሰው ወኪል ፍለጋ የሚሟሟተው በሩ እነሱ ጋ ስለሆነ ነው።

አማርኛ መጽሐፍ ከሆነ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ ግን ልናገረው። መጽሐፍህ በአማርኛ ተጽፎ፣ አማርኛ አንባቢ እንዲገዛው የታሰበ ከሆነ ወኪል አትፈልግ። አገራችን ውስጥ ይህ ሙያ ራሱን ችሎ አልቆመም። የሚላክበት ቤት ሳይኖር ሽማግሌ ምን ይሠራል?

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ ተቀብሎ፣ በአርታኢ አስመርምሮ፣ በራሱ ወጪ ያሳትም ነበር። ዛሬም ረቂቅ ገዝተው የሚያሳትሙ ጥቂት አሳታሚዎች አሉ። አብዛኛው ደራሲ ግን የራሱ አሳታሚ ነው፤ ታይፕ ያስመታል፣ እርማት ያሠራል፣ ገጽ ያስቀናብራል፣ የሽፋን ሥዕል ያስላል፣ ለማተሚያ ቤት ቀብድ ይከፍላል፣ ከዚያ አከፋፋይ ይለምናል። በጎንደር ብራናዎች መጨረሻ ላይ «ያጻፈው እገሌ፣ የጻፈው እገሌ» የሚል ታገኛለህ። ያጻፈው ከፋዩ ነው፣ የጻፈው ቁም ጸሐፊው። የዛሬ ደራሲ ሁለቱንም ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ስለዚህ ወኪል ከመፈለግ የወኪልን ሥራ ራስ መሥራት ይሻላል፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ሰው የሚዘነጋው ውሉን ነው። ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያ መጽሐፌ ሲወጣ 400 ኮፒ በአውቶቡስ ጭኜ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ላለ አዲስ አበባ አከፋፋይ ላክሁ። በስልክ ተነጋግረናል፣ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል አልኩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ «የተረፈው እርጥበት በላው» የሚል መልስ መጣልኝ። ስንት ተሸጦ ስንት እንደተረፈ የሚናገር አንድ ቁራጭ ደረሰኝ አልነበረኝም። ያኔ አጠገቤ ወኪል ቢኖር የሚያስጽፈኝ አምስት መስመር ነበር፦ ስንት ኮፒ እንደተረከበ፣ ከሽፋን ዋጋው ስንት እንደሚቀነስለት፣ ሒሳብ በየስንት ወሩ እንደሚያሳይ፣ በምን ቀን እንደሚከፍል፣ ያልተሸጠውን በማን ወጪ እንደሚመልስ። አምስት መስመር ለመጻፍ 15 በመቶ የሚቀበል ሰው አያስፈልግም።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም ለወራሾቹ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። መብቱ የሚገኘው ሥራው በመሠራቱ እንጂ በመመዝገቡ አይደለም። «ረቂቄን ባሳይ ይሰርቁኛል» ብሎ የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ፤ ረቂቁ እስካሁን ሣጥን ውስጥ ነው፣ የሰረቀውም ያነበበውም የለም።

ወደ ውጭ የሚሻገር

ወኪል የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ መጽሐፉ ለንደን ወይም ኒውዮርክ እንዲታተም ስትፈልግ። እዚህም ግን ወኪሉ አማርኛ አያነብም። ያላነበበውን ደግሞ አይወክልም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው መንገድ ሁለት ነው።

አንዱ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። በውጭ ስማቸው የገነነው የዘመናችን ደራሲዎቻችን በአብዛኛው በዚህ የሄዱ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የነበረችው ማዛ መንግሥቴም፣ በ2021 የኬይን ሽልማትን ያሸነፈችው ሜሮን ሃደሮም የሚጽፉት በዚያው ቋንቋ ነው። ሌላው መንገድ ትርጉም ነው፤ እሱ ረጅም ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በሁለት ተርጓሚዎች ድካም በእንግሊዝኛ ለንደንና ኒውዮርክ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። አገር ያወቀው መጽሐፍ አርባ ዓመት ካለፈው፣ የእኔና ያንተ ቢዘገይ አይገርምም።

ለትርጉም መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሽማግሌ ተርጓሚው ራሱ ነው። ጥሩ ተርጓሚ አሳታሚ ያውቃል፣ የትኛው አነስተኛ አሳታሚ ቤት ያለ ወኪል ረቂቅ እንደሚቀበል ያውቃል። ሙሉውን ማስተርጎም አያስፈልግም፤ ሃያ ሠላሳ ገጽ ናሙናና የቀረውን የሚያስረዳ ጥሩ ጭምቅ ታሪክ ይበቃል። ናሙናው ግን እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው በሆነ፣ ሥነ ጽሑፍ በሚያነብ ሰው ዓይን ይለፍ። ሰዋስው የሚያርም መምህር አይበቃም። ወዳጄ ቅር እንዳይለው ይህን ስነግረው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፤ የሚያስተምረው እንግሊዝኛ ነውና።

ስለ ርዝመት የማትጠብቀው ነገር አለ። ወኪሎች ከአዲስ ልብ ወለድ ደራሲ የሚጠብቁት ከ80,000 እስከ 100,000 የእንግሊዝኛ ቃል አካባቢ ነው። የአማርኛን ቃል በዚያ ልክ እንዳትቆጥር። «አልነገርኳትም» የምትለው አንዲት ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር አምስት ትሆናለች። የወዳጄ ረቂቅ በአማርኛ ቀጭን ይመስል ነበር፤ ሦስት ምዕራፍ ተተርጉሞ ስንቆጥረው ግን «ይሄስ መቆረጥ አለበት» ተባባልን።

ይህ ሁሉ የማይመለከታቸው ጸሐፊዎችም አሉ። ገጣሚ ከሆንክ ወኪሎች ግጥም በአብዛኛው አይወስዱም፤ ገንዘብ የለበትም። ግጥም በመጽሔት እየወጣ፣ በአነስተኛ አሳታሚ እየተሰበሰበ ነው የሚሄደው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ወይም ቴዎድሮስ ግቢ የምታስተምርና የምርምር መጽሐፍ የጻፍክ ከሆነም ወደ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶች ራስህ በቀጥታ ማቅረብ ትችላለህ።

አንድ ገጽ ደብዳቤ

ለወኪል የሚላከው ነገር ትንሽ ነው፦ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ጭምቅ ታሪክ፣ ከረቂቁ መጀመሪያ የተወሰነ ገጽ። እንግሊዞች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ይጠይቃሉ፤ አሜሪካኖች አምስት ወይም አሥር ገጽ ብቻ የሚሉ አሉ፣ እሱንም አባሪ ሳታደርግ ኢሜይሉ ውስጥ እንድትለጥፍ። እያንዳንዱ ወኪል የሚፈልገውን ድረ ገጹ ላይ ይጽፋል፤ የተጠየቀውን ብቻ ላክ። ልብ ወለድ ከሆነ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት መጽሐፉ ማለቅ አለበት። ልብ ወለድ ካልሆነ ግን በዕቅድ መሸጥ ይቻላል፤ የምዕራፎቹን ዝርዝር፣ አንድ ሁለት ናሙና ምዕራፍ፣ ለምን አንተ መጻፍ እንዳለብህና ማን እንደሚያነበው የሚያስረዳ ሰነድ ይቀርባል።

ደብዳቤው ላይ ልቆይ፤ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ሰላምታው ራሱ ግማሽ ገጽ ይወስዳል፣ ከዚያ ትሕትናው ይከተላል። የወዳጄ የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለ ራሱ ደካማነትና ስለ ወኪሏ ታላቅነት ብቻ ስድስት መስመር ነበረው። መጽሐፉ ላይ ሲደርስ ያለው ይህን ነው፦

«ልብ ወለዴ ስለ ፍቅር፣ ስለ ክህደት፣ ስለ አገርና ስለ ሰው ልጅ ጽናት የሚያትት ሲሆን አንባቢን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሰቅዞ ይይዛል።»

«ይሄ የማን መጽሐፍ ነው?» አልኩት።

«የኔ ነዋ።»

«የእኔም ይሆናል። እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ነው። አስካለ የት አለች?»

አስካለ ዋና ገጸ ባሕሪው ናት። ሦስት ቀን ፈጅቶ ሲመልሰው እንዲህ ሆነ፦

«ጎንደር፣ 1880 ዓ.ም.። የቁም ጸሐፊው ልጅ አስካለ አባቷ ጀምሮት የሞተውን የብራና መጽሐፍ በሌሊት ተደብቃ ትጨርሳለች፤ ሴት እንደጻፈችው ከታወቀ ያጻፈው ሰው አይቀበላትም። ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦር ከተማዋን ሲያቃጥል ወንድሟ ተማርኮ ወደ መተማ ይነዳል። ሊያስለቅቅላት የሚችለው ነጋዴ የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጽሐፉን።»

አሁን ሰው አለ፣ ቦታ አለ፣ የምትፈልገው ነገር አለ፣ የሚያስከፍላት ዋጋ አለ። መጨረሻውን ደብዳቤው ላይ አትናገርም። ጭምቅ ታሪኩ ላይ ግን ትናገራለህ፤ እሱ የተሠራው ወኪሉ ታሪኩ በእግሩ ይቁም አይቁም እንዲያይ ነው። «መጨረሻውን ለማወቅ መጽሐፉን ያንብቡ» ብሎ የላከ ሰው አጋጥሞኛል።

ከዚህ አንቀጽ ሌላ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ርዕሱ፣ ዘውጉ፣ የቃል ብዛቱ፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከወጡት ውስጥ መደርደሪያ ላይ ከጎንህ ሊቀመጡ የሚችሉ ሁለት መጻሕፍት፤ ስለ ራስህ ሦስት መስመር። ራስህን ከዓለም ታላላቆች ጋር አታስተካክል። ስለ ራስህ ስትጽፍም ከጉዳዩ ጋር የሚገናኘውን ብቻ። ወዳጄ ዲግሪዎቹን ሲዘረዝር አያቱ ቁም ጸሐፊ እንደነበሩ ሳይጠቅስ ቀርቶ ነበር!

ስም ማግኘት፣ መላክ፣ መጠበቅ

የወኪል ስም የት ይገኛል? እኔ የምወደው ዘዴ መጽሐፍ ገልጦ ከኋላ ወይም ከፊት ያለውን የምስጋና ገጽ ማንበብ ነው። ደራሲዎች ወኪላቸውን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በስም ያመሰግናሉ። የአንተን የሚመስል መጽሐፍ ማን እንደሸጠው አወቅህ ማለት ነው። ከዚያ ስሙን በኢንተርኔት አጣርተህ አሁንም ረቂቅ ይቀበል እንደሆነ ታያለህ። እንደ ኩዌሪ ትራከር ያሉ የስም ማውጫዎችም አሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ የወኪሎች ማኅበራት አሉ፤ አባሎቻቸው ለንባብ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላሉ። ማኅበር ውስጥ ያልገባ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም፤ አዳዲስ ወኪሎች አሉ፣ እንዲያውም ደራሲ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው።

ለሃምሳ ሰው ባንዴ አትላክ። ከስድስት እስከ አሥር ለሚሆኑ ላክና ጠብቅ። መልሱ ሁሉ ዝምታ ወይም አጭር እምቢታ ከሆነ ደብዳቤው ወይም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ችግር አለ፤ አስተካክለህ ለቀጣዮቹ ላክ። ለብዙ ወኪሎች ጎን ለጎን መላክ ነውር አይደለም፣ የተለመደ ነው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አለ፤ ጨርሶ የማይመልሱም አሉ። ለማን መቼ እንደላክህ ደብተር ላይ ጻፈው። ስልክ ላይ ወይም ኢሜይል ውስጥ ብቻ አትተወው። ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል እኛ እናውቃለን፤ ያን ጊዜ ረቂቃቸው ኢሜይላቸው ውስጥ ብቻ የነበረ ሰዎች የሚሆኑትን አጥተው ነበር።

«ሙሉውን ላክልኝ» የሚል መልስ ከመጣ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን እሺታ አይደለም። ወኪሎች ሙሉውን ካነበቡት ውስጥም አብዛኛውን ይመልሳሉ።

እሺ ሲባል

እሺ የሚል ወኪል በስልክ ወይም በቪዲዮ ልነጋገርህ ይላል። ያኔ የምትጠይቀው አንተም ነህ። ምን እንዲስተካከል ይፈልጋል? የትኞቹ አሳታሚዎች ጋ ሊወስደው ያስባል? ይህኛው ባይሸጥ ቀጣዩን ያነባል? ገንዘቡ እሱ እጅ ከገባ በስንት ቀን ይልካል? ረቂቅህን የያዙ ሌሎች ወኪሎች ካሉ አንድ ሁለት ሳምንት ጠይቀህ ንገራቸው፤ ይህ ወግ ነው፣ ማንም አይቀየምህም።

ውክልና የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ የሚፈረመውን ነው የሚያስታውሰን፤ ቤት የሚያሸጠውን፣ መኪና የሚያዛውረውን። ከወኪል ጋር የሚደረገው ስምምነት እንደዚያ አይደለም። መብቱ የአንተው ይቆያል፣ የአሳታሚውንም ውል የምትፈርመው አንተ ነህ። ጠቅላላ ውክልና ስጠኝ ወይም የቅጂ መብቱን በስሜ አዙርልኝ የሚል ሰው ካጋጠመህ ሒሳብህን ከፍለህ ከቡና ቤቱ ውጣ። ስምምነቱ ላይ ሌላ የምታየው አንድ መጽሐፍ ነው ወይስ ወደፊት የምትጽፈውን ሁሉ የሚለውንና መለያየት ብትፈልጉ የስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚበቃ ነው። ከ30 እስከ 90 ቀን የተለመደ ነው። ከተለያያችሁ በኋላም እሱ ከሸጠው መጽሐፍ ድርሻውን መቀበሉ አይቀርም፤ ያ ተገቢ ነው።

ገንዘቡን በምሳሌ ልየው፤ ሰው ሚሊዮን እየመሰለው ነውና። አንድ የለንደን አሳታሚ 10,000 ፓውንድ ቅድሚያ ክፍያ ሰጠህ እንበል። ባንዴ አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ ለአራት ይከፈላል፦ ሲፈረም፣ የታረመው ረቂቅ ሲገባ፣ ጠንካራ ሽፋኑ ሲወጣ፣ ለስላሳ ሽፋኑ ሲወጣ። በየጊዜው 2,500 ይመጣል፤ ወኪሉ 375 ወስዶ 2,125 ያስተላልፍልሃል። ከፊርማ እስከ መጨረሻው ክፍያ ሁለት ዓመት ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ቅድሚያው ስጦታ አይደለም፣ ከወደፊት ሮያሊቲህ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ኮፒ ሽያጭ ከሚደርስህ ድርሻ፣ ላይ የተሰጠ ነው። የለስላሳ ሽፋን የተለመደ ሮያሊቲ 7.5 በመቶ ነው፤ መጽሐፉ 10 ፓውንድ ቢሸጥ ለአንተ 75 ፔንስ (የፓውንድ ሳንቲም) ይታሰባል። በዚህ ብቻ ከሄደ ቅድሚያው የሚካካሰው ከ13,000 በላይ ኮፒ ሲሸጥ ነው። ባይሸጥ ግን ገንዘቡን መልስ አይሉህም።

ከአሜሪካ የሚመጣ ገንዘብ ደግሞ ግብር ያለበት ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት ከሮያሊቲ ላይ 30 በመቶ እዚያው ይቀነሳል። «ደብሊው ኤይት ቤን» (W-8BEN) የሚሉትን የአሜሪካ ግብር ቅጽ ሞልተህ ትልካለህ። ክፍያው በባንክ ስዊፍት ይመጣል፤ ስምህ ፓስፖርትህ፣ የባንክ ደብተርህና ውሉ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ተጨምሮ ከባንክ መስኮት መስኮት የሚንከራተት ሰው ሁላችንም አይተናል።

ወደ 850 ዶላሩ ልመለስ

ያን ቀን መልእክቱን ከወዳጄ ጋር መስመር በመስመር አነበብነው። አድራሻው ማንም በነፃ የሚከፍተው ኢሜይል ነው፤ ስሙ ግን የአንድ የታወቀ ወኪል ስም። ይህ አሁን የተለመደ ማጭበርበሪያ ነው፤ የእውነተኛ ወኪል ስም ይዋሳሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የወኪሉን ድረ ገጽ ራስህ ፈልገህ እዚያ ባለው አድራሻ «ይህን የላክኸው አንተ ነህ?» ብለህ መጠየቅ። ራይተር ቢዌር የሚባል እንዲህ ያሉ ሌቦችን የሚያጋልጥ የታወቀ አገልግሎትም አለ።

ሁለተኛ፣ ውዳሴው ውስጥ አንድም የገጸ ባሕሪ ስም የለም። አስካለ የለችም፣ ጎንደር የለም። ርዕሱን አውጥተህ የእኔን ርዕስ ብትከትበት ልክ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ፊልም እንደሚሠራለት ቃል ይገባል። አራተኛ፣ ያጣድፋል። እውነተኛ ወኪል አራት ወር ያስጠብቅሃል እንጂ በ48 ሰዓት አያስጨንቅህም።

ወዳጄ ግን ልቡ አልቆረጠም። «አንድ ነገር ልጠይቀው» አለና እዚያው ተቀምጦ ጻፈ፦ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ አስካለ የምታደርገውን እንዴት አገኘኸው? ለሰውየው ከረቂቁ የተላከለት ስድስት ምዕራፍ ብቻ ነው። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ መልስ መጣ። ሰባተኛው ምዕራፍ «እጅግ ልብ የሚነካ» ሆኖ አግኝቶታል፤ ለአፍሪካ ደራሲዎች ልዩ ቅናሽ ስላለም ክፍያው 600 ዶላር ሆኗል።

ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሳቀው።

ከዚያ ወዲህ ናሙናውን አስተርጉሞ፣ ደብዳቤውን አስተካክሎ ለስምንት ወኪሎች ላከ። ስማቸው በሰማያዊ እስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ተጽፏል፤ አምስቱ ጎን እስካሁን ባዶ ነው። ሁለቱ ባለ ሁለት መስመር እምቢታ ላኩ። ስምንተኛዋ አንድ አንቀጽ ጻፈች። አስካለን ወድዳታለች፤ ብራናው የሚፋቅበትን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አንብባዋለች፤ ነገር ግን ሦስተኛው ምዕራፍ መሀሉ ላይ ስለሚጎትት ልትወስደው አልቻለችም፣ ቢያሻሽለው ግን በድጋሚ ልታየው ፈቃደኛ ናት።

ደብዳቤውን ይዞ ያው ቡና ቤት መጣ። መደሰት ይሁን መከፋት ያለበት አልገባውም። «ጋሼ፣ እውነት ይጎትታል?» አለኝ።

ይጎትታል። አምና ሰኔ ላይ ነግሬው ነበር።